ከመርከብ ለሚነሳ ተዋጊ ጄት የቱ ሞተር ይሻላል፦ የአገር ውስጡ ወይስ የውጩ?

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት ስለ ጄት ሞተር የተነገረ ይመስል፣ የራሱን ተዋጊ አውሮፕላን መሥራት የጀመረ አገር ሁሉ ውሎ አድሮ ሞተሩንም የራሱ ማድረግ ይፈልጋል። ፍላጎቱ ተገቢ ነው። ነገሩ የሚከብደው አውሮፕላኑ ከመሬት ሳይሆን ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የሚነሳ ሲሆን ነው። እዚያ «ሞተሩ የማን ነው?» ከሚለው በፊት «ሞተሩ ምን ይችላል?» የሚለው ይቀድማል፤ በባሕር መካከል ሞተሩ የደከመበት አብራሪ አቅራቢያው የሚያርፍበት ሌላ ሜዳ የለውም።

ይህን ምርጫ በተለያየ መንገድ አድርገው ውጤቱን ያዩት በተለይ ሕንድ፣ ቻይና፣ ፈረንሳይና ብሪታንያ ናቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ለመጀመሪያው አውሮፕላን የተፈተነ የውጭ ሞተር ይገዛ፤ የአገር ውስጡ ደግሞ ባለሁለት ሞተር በሆነና ከመሬት በሚነሳ አውሮፕላን ላይ ይብሰል፤ ወደ መርከብ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የመርከቡ ወለል ከሞተሩ የሚጠይቀው

ጄት ከመርከብ የሚነሳው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ካታፑልት የሚባለው መወርወሪያ ነው። በእንፋሎት (እንደ ፈረንሳዩ ሻርል ደ ጎል) ወይም በኤሌክትሮማግኔት (እንደ አሜሪካው ፎርድና እንደ ቻይናው ፉጂያን) እየሠራ አውሮፕላኑን በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ለመብረር የሚበቃ ፍጥነት ይሰጠዋል። ሁለተኛው ራምፕ ነው። የሕንዶቹ ቪክራማዲቲያና ቪክራንት፣ የቻይናዎቹ ሊያውኒንግና ሻንዶንግ አፍንጫቸው ወደ ላይ ቀና ያለ ነው፤ አውሮፕላኑ ከሁለት መቶ ሜትር ባነሰ ሩጫ በራሱ ሞተር ጉልበት ብቻ ይነሳል።

የሞተር ምርጫው ግማሽ እዚህ ላይ ያልቃል። መርከቡ ራምፕ ካለው፣ ከሞተሩ የጎደለ እያንዳንዱ ኪሎ ኒውተን (የግፊት መለኪያ) ግፊት መሬት ላይ የሚቀር ነዳጅ ወይም ሚሳይል ነው። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ የሞተር ግፊት እዚያ እንደሚቀንስ የአየር መንገድ ሰዎች ያውቃሉ። ባሕር ላይ ከፍታ የለም፤ ሙቀት ግን አለ። የሞቀ አየር የሳሳ አየር ነው፤ በዓረብ ባሕር 35 ዲግሪ ላይ ሞተሩ የሚሰጠው ግፊት በፋብሪካው መሞከሪያ ላይ ከተመዘገበው ያነሰ ነው። ሞተሩ አውሮፕላኑ ውስጥ ሲገባ ደግሞ አየር ማስገቢያው የራሱን ይቀንሳል። ስለዚህ በሽያጭ ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ትታችሁ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ተገጥሞ በሞቃት ቀን የሚሰጠውን ቁጥር ጠይቁ።

ካታፑልት ቢኖርም ግፊት ትርፍ አይሆንም። የአሜሪካው ኤፍ-14 መጀመሪያ ቲኤፍ30 የተባለውን ሞተር ይዞ ሲወነጨፍ አፍተርበርነር (ጭስ ማውጫው ውስጥ ተጨማሪ ነዳጅ አቃጥሎ ግፊት የሚጨምር ክፍል) ይጠቀም ነበር። በኋላ ኤፍ110 ሲገጠምለት ያለ አፍተርበርነር ተነሳ። ልዩነቱ ገና ከመርከቡ ሳይርቅ የሚቃጠል ነዳጅ ነው።

ማረፍ ከመነሳት ይብሳል። አብራሪው መንኮራኩሩ ወለሉን እንደነካ ስሮትሉን (የሞተሩን ጉልበት መቆጣጠሪያ) ወደፊት ይገፋል እንጂ አይቀንስም። መንጠቆው የማቆሚያ ገመዱን ከያዘ አውሮፕላኑ መቶ ሜትር በማይሞላ ርቀት ይቆማል። ካልያዘ (ይህ ቦልተር ይባላል) በቀረችው አጭር ወለል ላይ እንደገና መብረር አለበት። ስለዚህ ሞተሩ ከማረፊያ ግፊት ወደ ሙሉ ግፊት የሚደርስበት ጊዜ የመጨረሻው የግፊት ቁጥር ያህል ይመዝናል። ለዚህ ነው ብሪታንያ ለባሕር ኃይሏ ፋንተም ጄት የገጠመችው ስፔይ ሞተር አፍተርበርነሩ በፍጥነት እንዲቀጣጠል የተስተካከለው፤ የአየር ኃይሉ ዓይነት ይህን አላስፈለገውም።

ቀጥሎ ጨው ነው። ከባሕር የሚነሳው የጨው ብናኝ አየሩን በሚያምቀው ክፍል (በኮምፕረሰሩ) ብሌዶች ወይም ምላጮች ላይ ይጋገራል፣ የአየር ፍሰቱን ያበላሻል፣ ቀዝቃዛውን ክፍል በጥቃቅን ጉድጓድ ይበሳል። ይህኛው በንጹሕ ውሃ አዘውትሮ በማጠብ ይቃለላል። ከባዱ በተቃጠለው ጋዝ ከሚሽከረከረው ተርባይን ጋር ነው። የባሕር ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ነዳጁ ውስጥ ካለው ሰልፈር ጋር ሲገናኝ ሶዲየም ሰልፌት ይፈጥራል። ይህ ጨው 884 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፤ የቀለጠውም ብሌዱን ከኦክሳይድ የሚጠብቀውን ሽፋን ይበላዋል። የተርባይን ብሌድ ደግሞ ያለ ሽፋን አይኖርም። የፈረንሳዩ ኤም88 ሞተር ተርባይን መግቢያ ላይ ጋዙ ወደ 1,850 ኬልቪን (1,577 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ) ይደርሳል፤ ብሌዱ የተሠራበት የኒኬል ቅይጥ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። ብሌዱን በሕይወት የሚያቆየው በውስጡ የሚያልፈው ማቀዝቀዣ አየርና ላዩ ላይ ያለው ሽፋን ነው። መሬት ላይ ጥሩ የሠራ ሞተር መርከብ ላይ ወጥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ተርባይኑ የሚያረጀው በዚህ ምክንያት ነው።

ነዳጁም ይለያል። መርከብ ላይ የእሳት አደጋ ስለሚፈራ የሚቀጣጠልበት ዝቅተኛ ሙቀት 60 ዲግሪ የሆነ ጄፒ-5 ይጠቀማሉ፤ በመሬት ላይ የተለመደው ጄት ኤ-1 ግን 38 ነው። ጄፒ-5 ወፈር ስለሚል ሞተሩ በከፍታ ላይ ከጠፋ መልሶ ማስነሳት ያስቸግራል። በጄት ኤ-1 ብቻ የተፈተነን የአገር ውስጥ ሞተር «ለባሕር ዝግጁ ነው» ማለት አይቻልም፤ የነዳጅ መቆጣጠሪያው እንደገና መስተካከል አለበት።

በመጨረሻ መጠን። ሞተር ባሕር ላይ ሲበላሽ መለዋወጫው ወደ መርከቡ መድረስ አለበት። አሜሪካኖቹ ሲ-2ኤ የተባለው አሮጌ የጭነት አውሮፕላናቸው የኤፍ-35ን ሞተር ዋና ክፍል ከነማሸጊያው መያዝ ስላልቻለ በምትኩ ሲኤምቪ-22ቢ የተባለውን ሲያመጡ ይህ ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ነበር። አቅርቦት የሚሠሩ ሰዎች ሞተሩ ከተመረጠ በኋላ ሳይሆን በፊት ይጠየቁ።

«የአገር ውስጥ» የሚባለው ደረጃ አለው

ክርክሩ የሚበላሸው ሁለት ሳጥን ብቻ እንዳለ አድርጎ በመነሳት ነው። ከላይ ንድፉም፣ ብሌድ ማምረቱም፣ ሶፍትዌሩም የራስ የሆነው የፈረንሳዩ ኤም88 አለ። ከሥሩ በፈቃድ የሚመረት፣ ነገር ግን የብሌዱ ምስጢር ከባለቤቱ ጋር የቀረ ሞተር አለ። ከታች ክፍሎቹ በሳጥን መጥተው የሚገጣጠሙበት አለ፤ በዚህኛው አገር ውስጥ የሚገኘው ነገር ብሎን ማጥበቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ልዩነቱን የሚያወጣው አንድ ጥያቄ ነው፦ የተርባይን ብሌዱን ማን ይሠራል፣ ሽፋኑንስ ማን ይቀባል? መልሱ «ሻጩ» ከሆነ፣ ሞተሩ ላይ የየትኛውም አገር ባንዲራ ቢለጠፍ የውጭ ሞተር ነው። ሕንድና የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ በሰኔ 2023 ስለ ኤፍ414 ሞተር ሲስማሙ ትልቅ ዜና የሆነው 80 በመቶ የሚሆን ቴክኖሎጂ ይተላለፋል መባሉ ነው፤ ከዝርዝሩ ዋጋ ያለው የሙቁ ክፍል (የተርባይኑና የማቃጠያው) ሥራ ነው። ከስምምነት ሰነድ እስከ ተፈረመ ውል ያለው ድርድር ግን ከሁለት ዓመት በላይ ተጎትቷል። መርሐ ግብር የሚያወጣ ሰው ይህን ያህል ጊዜ ከወዲሁ ይጨምር።

የውጭ ሞተር የሚያስከፍለው

የመጀመሪያው ክፍያ ፈቃድ ነው። እስራኤል በ1977 ክፊር የተባለውን ተዋጊዋን ለኢኳዶር ልትሸጥ ስትል ዋሽንግተን ከለከለች፤ አውሮፕላኑ የእስራኤል ቢሆንም ሞተሩ የአሜሪካ ጄ79 ነበር። በ1978 ስዊድን ቪገን የተባለውን ተዋጊዋን ለሕንድ ማቅረብ ያልቻለችው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የቪገን ሞተር መሠረቱ የአሜሪካ ነው። አውሮፕላኑን ወደፊት ለሌላ አገር መሸጥ የሚያስብ ሰው ይህን እንደ ዋጋ ይቁጠረው።

ክልከላው ሲሸጡ ብቻ ሳይሆን ሲገዙም ይመጣል። ሕንድ በግንቦት 1998 የኑክሌር ሙከራ ስታደርግ አሜሪካ ማዕቀብ ጣለች፤ ቴጃስ የተባለው የሕንድ ተዋጊም የአሜሪካ ሞተርና የአሜሪካ እገዛ ነበረው። በጥር 2001 የበረረው አስቀድመው በገቡ ኤፍ404 ሞተሮች ነው፤ ማዕቀቡ የተነሳው ከዚያ በኋላ በመስከረም ነው። ትምህርቱ ተጨባጭ ነው፦ ለሙከራ አውሮፕላኖቹ የሚያስፈልገው ሞተር በሙሉ፣ ከነመለዋወጫው፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን ከመብረሩ በፊት መጋዘን ውስጥ ይግባ።

ሁለተኛው ክፍያ ወረፋ ነው። ፖለቲካው ሰላም ሆኖም ሞተር ሊዘገይ ይችላል። ሕንድ በነሐሴ 2021 ለቴጃስ ማርክ 1ኤ 99 ኤፍ404-አይኤን20 ሞተሮች አዘዘች። የመጀመሪያው የደረሰው በመጋቢት 2025 ነው፤ ከታቀደለት ሁለት ዓመት ያህል ዘግይቶ። የማምረቻው መስመር ትዕዛዝ አጥቶ ቆሞ ስለነበር፣ እንደገና ለማስነሳት ክፍል አቅራቢዎቹ ሁሉ መቀስቀስ ነበረባቸው። አውሮፕላኖቹ ተገጣጥመው ሞተር ሲጠብቁ ቆሙ። የዘገየ አቅራቢ ቅጣት ይከፍል ይሆናል፤ ቅጣት ግን አያበርም። የሚሻለው ሞተሮቹ ከአውሮፕላኑ አካል አንድ ዓመት ቀድመው እንዲገቡ ማድረግና ትዕዛዙን በትንሽ በትንሹ በየዓመቱ በማሰራጨት መስመሩ እንዳይዘጋ መያዝ ነው።

ሦስተኛው የሌላውን ሰው ጉድለት አብሮ መግዛት ነው። ሕንድ 45 ሚግ-29ኬ ከሩሲያ ገዝታለች፤ ሁለት ሁለት አርዲ-33ኤምኬ ሞተር ይዘው የመጡ ናቸው። የሕንድ መንግሥት ዋና ኦዲተር በ2016 እንዳሳየው፣ ከየካቲት 2010 ጀምሮ ከገቡት 65 ሞተሮች 40ው (62 በመቶ) በንድፍ ጉድለት ምክንያት ከአገልግሎት ወጥተዋል። የአውሮፕላኖቹ ለበረራ ዝግጁነት ደግሞ ከ16 እስከ 38 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። «የተፈተነ የውጭ ሞተር» ስንል እንግዲህ በሻጩ ብሮሹር የተፈተነ ማለታችን አይደለም። በመርከብ ላይ፣ በጨው ውስጥ፣ በብዙ ሺህ ሰዓት የተፈተነ ማለታችን ነው። በዚህ መለኪያ ኤፍ404፣ ኤፍ414 እና ኤም88 ያልፋሉ፤ ሦስቱም ለዓመታት ከመርከብ የበረሩ ናቸው።

የተፈተነ ሞተርም ቢሆን ካልበቃ አይበቃም። የባሕር ኃይሉ ቴጃስ አንድ ኤፍ404-አይኤን20 (ወደ 85 ኪሎ ኒውተን) ይዞ በጥር 2020 ቪክራማዲቲያ ላይ አርፎ ተነስቷል፤ ለመሐንዲሶቹ ትልቅ ስኬት ነው። ይሁን እንጂ የባሕር ኃይሉ አዛዥ ገና በታህሳስ 2016 አውሮፕላኑ ለመርከብ ሥራ እንደማይበቃ ተናግረው ነበር። ለማረፍ የተጠናከረው የጎማ እግር ክብደት ጨመረ፣ ሞተሩ ባለበት ቀረ፣ ከራምፕ ላይ ነዳጅና መሣሪያ ሞልቶ መነሳት አልተቻለም። ተከታዩ ንድፍ ሁለት ኤፍ414 (እያንዳንዱ 98 ኪሎ ኒውተን) እንዲይዝ የታሰበው ለዚህ ነው። እስከዚያው ሕንድ በሚያዝያ 2025 ከፈረንሳይ 26 የባሕር ራፋል ተዋጊዎች ለመግዛት ፈረመች።

የአገር ውስጥ ሞተር የሚያስከፍለው

ካቬሪ የተባለው የሕንድ ሞተር የማይጠቀስበት ንጽጽር ጎዶሎ ነው። ቤንጋሉሩ የሚገኘው የሕንድ የጋዝ ተርባይን ምርምር ተቋም በ1989 ሲጀምረው ግቡ 81 ኪሎ ኒውተን ነበር፤ በጀቱም 382.81 ክሮር ሩፒ (አንድ ክሮር 10 ሚሊዮን ነው)። ሞተሩ በቤንጋሉሩ ሙከራ 70 ኪሎ ኒውተን ገደማ ላይ ቆመ። 1,100 ኪሎ ግራም ይሆናል የተባለው ክብደቱ 1,235 ደረሰ። ወጪውም ወደ 2,839 ክሮር አሻቀበ። አፍተርበርነሩ ሲበራ ስክሪች የሚባለው ከፍተኛ የእሳት ንዝረት አስቸገረ፤ ለሙቁ ክፍል የሚሆን ባለአንድ ክሪስታል ብሌድ በአገር ውስጥ አልነበረም፤ በከፍታ ላይ ለመፈተን ሞተሩ ወደ ሩሲያ መላክ ነበረበት። በኢል-76 ላይ ተገጥሞ የበረረው በኅዳር 2010 ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ግን ከቴጃስ ጋር የነበረው ትስስር ተቋርጧል።

ስህተቱ ካቬሪን መጀመር አልነበረም። አዲስ አውሮፕላንና አዲስ ሞተር በአንድ ገመድ መታሰራቸው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ አንዱ ሲዘገይ ሌላውን ጎተተው። ዛሬ ካቬሪ ያለ አፍተርበርነር፣ 50 ኪሎ ኒውተን ገደማ እየሰጠ፣ ሰው አልባ አውሮፕላን እንዲያንቀሳቅስ ታስቧል፤ ምናልባት ከመጀመሪያውም የሚገባው ሥራ ይህ ነበር። ለትልቁ ሞተር ሕንድ ከፈረንሳዩ ሳፍራን ጋር አብራ ለመሥራት በ2025 ማሰቧን ገልጻለች።

ብሪታንያ ከሕንድ የተለየ ስህተት ሠራች፤ ትምህርቱ ግን የበለጠ ይጠቅማል፤ ሞተሯ ጥሩ ነበርና። በ1960ዎቹ ለባሕር ኃይሏ የአሜሪካውን ፋንተም ስትገዛ ለአገሯ ፋብሪካዎች ሥራ ለመስጠትና ከአጭሩ የአርክ ሮያል መርከብ ወለል ለመነሳት ሲባል ጄ79 ሞተሩ ወጥቶ የሮልስ ሮይስ ስፔይ ገባ። በወረቀት ላይ ትርፍ ነበር፤ 79 ኪሎ ኒውተን ገደማ የነበረው ግፊት ወደ 91 ከፍ አለ፣ የመነሻ ርቀቱ አጠረ፣ የበረራ ርቀቱም ረዘመ። ነገር ግን ስፔይ ተርቦፋን (የአየሩ ከፊል ከሞተሩ እምብርት ውጭ የሚያልፍበት ዓይነት) ስለሆነ ብዙ አየር ይጠጣል፤ አየር ማስገቢያው በ20 በመቶ ሰፋ፣ የኋላው አካል እንደገና ተሠራ፣ ከዚህ የመጣው የአየር ተቃውሞ አውሮፕላኑን በከፍታ ላይ ከአሜሪካዊው ወንድሙ ዘገምተኛ አደረገው። ጭስ ማውጫው በጣም ሞቃትና ወደ ወለሉ ያዘነበለ ስለነበር አርክ ሮያል በውሃ የሚቀዘቅዙ የእሳት መከለያዎች ተገጠሙላት። ዋጋውም ከአሜሪካው ፋንተም እጅግ በለጠ። ነገሩ የሚያስፈግገው፣ የብሪታንያ አየር ኃይል በ1984 ተጨማሪ ፋንተም ሲያስፈልገው 15 አሮጌ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከነጄ79ታቸው ገዝቶ አበረራቸው።

ስለዚህ «የአገር ውስጥ ሞተር እንግጠምበት» የሚል ሐሳብ በተሠራ የውጭ አውሮፕላን ላይ ሲመጣ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ የአየር ፍሰት ነው እንጂ ግፊት አይደለም። ሞተሩ በሰከንድ ስንት ኪሎ ግራም አየር ይፈልጋል፣ ማስገቢያውስ ስንት ያሳልፋል? ኤፍ404ን በኤፍ414 መተካት እንኳ፣ ርዝመታቸውና ስፋታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ፣ ሰፋ ያለ ማስገቢያ ይፈልጋል። ሞተሩ መግጠሚያው ውስጥ ገብቶ በአየር እጥረት ሊታፈን ይችላል።

የራስ ሞተር በራሱ ዋስትና እንዳልሆነ አሜሪካም ታውቀዋለች። ቲኤፍ30 የራሷ ነበር፤ የኮምፕረሰር ስቶሉ (የአየር ፍሰቱ ድንገት መሰናከል) ግን ለኤፍ-14 አብራሪዎች የዘወትር ስጋት ነበር። የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ጆን ሌህማን ከኤፍ-14 አደጋዎች 28 በመቶ ያህሉን በዚህ ሞተር ላይ አላክከዋል። ሁለቱ ሞተሮች እርስ በርስ በጣም ስለሚራራቁ አንዱ ስቶል ሲያደርግ አውሮፕላኑ ወደ ጎን ይጠመዘዛል፤ ለማረፍ በዝቅታ ሲበሩ ይህ ከመጣ ለማስተካከል ጊዜ የለም።

የተሳካላቸው በምን ቅደም ተከተል ሄዱ

ፈረንሳይ። የራፋል የመጀመሪያ አውሮፕላን ሐምሌ 4 ቀን 1986 ሲበር ሁለት የአሜሪካ ኤፍ404 ነበረው። ኤም88 ገና በመሥሪያ ቤት ነበር። በ1990 ከሁለቱ ኤፍ404 አንዱ ወጥቶ ኤም88 ገባ፤ አውሮፕላኑ በአንድ በኩል በሚታወቅ ሞተር፣ በሌላው በሚሞከር ሞተር በረረ። አዲሱ ቢጠፋ አሮጌው ይመልሰዋል። የባሕር ራፋል በታህሳስ 1991 በረረ፣ በ1992 አሜሪካ ውስጥ ሌክኸርስት በሚገኘው ካታፑልት ተሞከረ፣ በ1993 ፎሽ የተባለው መርከብ ላይ ወጣ። ኤም88 75 ኪሎ ኒውተን ብቻ ነው የሚሰጠው፤ 897 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል፤ አውሮፕላኑም ከመጀመሪያው ለዚህ ሞተር ስለተሰናዳ ይበቃዋል። 21 ሞጁል አለው፤ የተበላሸው ሞጁል ተነጥሎ ይቀየራል። በጠባብ የመርከብ ሃንጋር ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው። (ሙሉ ነፃነት ግን የለም፤ የሻርል ደ ጎል ካታፑልቶች የአሜሪካ ስሪት ናቸው።)

ቻይና ደግሞ በትዕግሥት ሄደች። ጄ-15 የተባለው የመርከብ ተዋጊዋ በ2009 ሲበር፣ በኅዳር 2012 ሊያውኒንግ ላይ ሲያርፍም የሩሲያ ኤኤል-31ኤፍ ነበረው፤ የእኛ አገር ሱ-27ዎች የሚበሩበት ሞተር ቤተሰብ ማለት ነው። የአገር ውስጡ ደብሊውኤስ-10 ያን ጊዜ ነበረ፤ ሆኖም መጀመሪያ የሰፈረው ከመሬት በሚነሳውና ሁለት ሞተር ባለው ጄ-11ቢ ላይ ነው። እዚያ ተበላሸ፣ ተስተካከለ፣ ተበላሸ፣ ተስተካከለ። አንድ ሞተር ብቻ ያለው ጄ-10 ለረጅም ዓመታት የሩሲያውን እንደያዘ ቆየ። ሞተሩ ከበሰለ በኋላ ነው ለካታፑልት የተዘጋጀው ጄ-15ቲ በደብሊውኤስ-10 የታየው፤ አውሮፕላኑም በኅዳር 2025 አገልግሎት በጀመረው ፉጂያን ላይ ይሠራል። ከባለሁለት ሞተር የመሬት አውሮፕላን፣ ወደ ባለአንድ ሞተር ወይም ወደ መርከብ፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

ስሌቱን በወረቀት ላይ

ብዙ ክርክር የሚያልቀው የመለዋወጫ ሞተር ቁጥር ሲሰላ ነው። 24 ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን አለ እንበል፤ እያንዳንዱ በዓመት 200 ሰዓት ይበራል። 24 ጊዜ 2 ጊዜ 200፣ በዓመት 9,600 የሞተር ሰዓት ማለት ነው።

የበሰለ የውጭ ሞተር በየ1,000 ሰዓቱ ኦቨርሆል (ሙሉ ፍተሻና እድሳት) ቢገባ በዓመት 10 ያህል ሞተር ይወጣል። ተጭኖ ሄዶ፣ ተራ ጠብቆ፣ ተመልሶ እስኪመጣ 12 ወር ከፈጀ፣ ሁልጊዜ 10 ሞተር መንገድ ላይ ነው። ይኸው ሞተር በአገር ውስጥ ኦቨርሆል ሲደረግና 4 ወር ሲፈጅ፣ ከአውሮፕላን ውጭ የሚሆነው 3 ወይም 4 ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ወጣቱን የአገር ውስጥ ሞተር እንውሰድ። በየ300 ሰዓቱ መከፈት ካለበት በዓመት 32 ሞተር ይወጣል፤ በ4 ወር ቢመለስ እንኳ 11 ሞተር ሁልጊዜ ጎድሎ ይኖራል።

ያልበሰለ የአገር ውስጥ ሞተር፣ ጥገናው ባሕር ማዶ ከሆነ የበሰለ የውጭ ሞተር እኩል መለዋወጫ ይበላል ማለት ነው። አሸናፊው መካከለኛው ነው፦ የውጭ ሞተር፣ የአገር ውስጥ ኦቨርሆል። ሕንድ ኮራፑት ባለው ፋብሪካዋ ኤኤል-31ኤፍፒንና አርዲ-33ን እየከፈተች የምትገጥመው በከንቱ አይደለም። በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ጨው፣ ወፍና ወለል ላይ የወደቀ ብሎን የሚያስወጣቸውን ሞተሮች ለመሸፈን ከሲሶ እስከ ግማሽ ጨምሩ።

ውሉ ውስጥ ምን ይግባ

የውጭ ሞተር ከተመረጠ፣ ዋጋ ከመከራከር በፊት የተርባይን ብሌድ ሽፋንን በአገር ውስጥ አድሶ የመቀባት መብት ይጠየቅ፤ ጨው በየጊዜው የሚያስወጣው ይህንኑ ክፍል ነውና። ሁለተኛ፣ የሞተሩ ዲጂታል መቆጣጠሪያ ለመርከብ አቀራረብ ሲስተካከል ማን እንደሚያስተካክለውና በስንት ቀን እንደሚያደርሰው ይጻፍ። የሙከራ አብራሪው ስሮትሉ ዘገየብኝ ሲል ለእያንዳንዱ ለውጥ ባሕር ማዶ መጻፍ ፕሮግራሙን ወራት ያስቆጥረዋል። ሦስተኛ፣ ለሦስተኛ አገር የመሸጥ ፈቃድ ዛሬ፣ ከነአገሮቹ ስም ዝርዝር ይጻፍ፤ «ወደፊት እንነጋገራለን» የሚለው ሐረግ የክፊርን መንገድ ያስኬዳል።

የአገር ውስጡ ከተመረጠ ወይም እየተዘጋጀ ከሆነ ደግሞ ፈተናው በመሬት ላይ ባለ ራምፕ ወይም ካታፑልት ይጀመር። ጎዋ የሚገኘው የሕንድ የባሕር ዳር መሞከሪያ ለዚህ የተሠራ ነው፤ ራፋልና የአሜሪካው ተዋጊ ሱፐር ሆርኔትም በ2022 ከራምፕ መነሳት መቻላቸውን ያሳዩት እዚያ ነው። የጨው ውሃ የሚረጭበት የሞተር ሙከራ፣ የእንፋሎት ካታፑልት ካለ ደግሞ እንፋሎት የሚውጥበት ሙከራ ከዚያ ቀድሞ ይደረግ። ከካታፑልቱ ስንጥቅ የሚወጣ እንፋሎት በማስገቢያው ሲሳብ ኮምፕረሰሩ ሊታነቅ ይችላል፤ ይህን በወለሉ ላይ፣ አውሮፕላኑ በመወርወሪያው ላይ ታስሮ ሳለ ማወቅ ዘግይቷል።

ሁለቱንም በር ክፍት ማድረግ የሚፈልግ ንድፍ ሠሪ ሥራው የሚጀምረው አውሮፕላኑ ገና ስዕል ላይ ሳለ ነው። የሞተሩ ክፍል ለሁለቱ ሞተሮች ትልቁ ርዝመትና ስፋት ይሠራ፤ ማስገቢያው ከሁለቱ ብዙ አየር በሚጠጣው ይለካ፤ ጄኔሬተሩና የሃይድሮሊክ ፓምፑ ከሞተሩ ላይ ሳይሆን ከአውሮፕላኑ አካል ላይ በታሰረ ጊርቦክስ ይንዱ፣ ሞተር ሲቀየር እነሱ እንዳይነኩ። የሚጨምረው ክብደት አለ፤ ከራምፕ በሚነሳ አውሮፕላን ላይ ደግሞ ይህም ከነዳጁ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ የሁለተኛው ሞተር መጠን ከግምት ወጥቶ በመሞከሪያ ላይ በሚሠራ ሞተር እስኪረጋገጥ ድረስ ይህን ቦታ አትስጡት።